የስደት መንግሥት ኖት ከመግዛትዎ በፊት

የአቃቂ ሰው ከጅቡቲ ጋር የተዛመደው በባቡር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ በደጁ ያልፍ ነበር። የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ የሠፈሩ ሰው ከማርያ ትሬዛ ቀጥሎ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ፍራንክ ላይ ዓይኑን ቢጥል አያስገርምም። ከፍራንኩም ሁሉ ልዩ የሆነው የስደት መንግሥት ያሳተመው ነው።

ፈረንሳይ በ1940 በጀርመን ስትሸነፍ ጄኔራል ደ ጎል ለንደን ሆነው ነጻ ፈረንሳይን መሠረቱ። ቻድን የመሰሉ ግዛቶች ፈጥነው ተከተሏቸው፤ ጅቡቲ ግን እስከ 1942 መገባደጃ ከጀርመን ጋር ከተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ጋር ቆየች። ዋና ከተማው በጠላት እጅ ያለ መንግሥት ገንዘብ ሲያወጣ ተቀባዩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከፋዩ ማነው? ጥሩ ኖት ለዚህ መልስ አለው።

ጽሑፉ፦ መጀመሪያ የአውጪውን ስም ከቀኑ ጋር ያስተያዩ። «የነጻ ፈረንሳይ ማዕከላዊ ካዝና» የሚለው የዲሴምበር 2 ቀን 1941 ድንጋጌን፣ «የባሕር ማዶ ፈረንሳይ» የሚለው ደግሞ የፌብሩዋሪ 2 ቀን 1944ን ይጠቅሳል። ቀኑ የሕጉ ነው፤ ኖቱ የታተመበት ዓመት ነው ብሎ የሚምል ሻጭ ዕቃውን አያውቀውም።

ሥዕሉ፦ ባለ 1000 ፍራንኩ ላይ ፊኒክስ የተባለው የተረት ወፍ ከእሳት መሃል ሲነሣ ይታያል። መሬቱን ለተነጠቀ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ዋስትና አይሣልም። በማጉያ መነጽር ሲያዩት መስመሮቹ ሳይቋረጡ መሄድ አለባቸው፤ ወደ ነጠብጣብ ከተበተኑ ኮፒ ነው።

የተደረበ ጽሑፍ፦ አንዳንድ ኖት ላይ ከታተመ በኋላ ሌላ ጽሑፍ ይደረብበታል፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ለመልመድ ጥሩው መማሪያ እኛው አገር የዞረው የጣሊያን ሊሬ ነው። ባንካ ዲታሊያ ለምሥራቅ አፍሪካ በለየው ኖት ላይ «ልዩ እትም» የሚል ጽሑፍ ደርቦበታል። ጽሑፉ እጥፋት የሚያቋርጥበትን ቦታ ይፈልጉ። ኖቱ የታጠፈው ጽሑፉ ከተደረበ በኋላ ከሆነ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል። ቀለሙ በተሰበረው የወረቀት ጭረት ውስጥ ሰርጎ ከተገኘ ግን ጽሑፉ የተጨመረው ቀድሞ በታጠፈ ኖት ላይ ነው፤ ለዋጋ ሲባል።

ወረቀቱ፦ ታጥቦ በካውያ የተተኮሰ ኖት ከሩቅ አዲስ ይመስላል፤ ሲነኩት ግን እንደ ነጠላ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም የፈዘዘ ነው። እጥፋቱ ያልተነካ፣ በእጅ ብዛት የወየበ ኖት ከዚህ ይበልጣል፤ ሲያገበያይ እንደኖረ ይመሰክራልና።

ሻጩ ኖቱን ከፕላስቲኩ አውጥተው ፀሐይ ላይ እንዲያዩት ካልፈቀደ ዋጋ አይጠይቁ፤ ይለፉት።