ዛር የያዛት ቀስት

ልጅቷ ገና ከሱቁ በር ላይ ሳለች ነው የጀመረችው። «ወንድሜ፣ የላፕቶፔን ቀስት ዛር ይዟታል! ወደ ላይ ስላት ወደ ጎን፣ ዝም ስላት ብቻዋን ትጨፍራለች።» እዚሁ ፍኖተ ሰላም የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ወር መዝጊያ ደርሶባታል። ከሳምንት በፊት ሌላ ቦታ አሳይታው «ሊኑክስ ስለሆነ ነው፤ ድራይቨር የለውም» ብለዋት ፎርማት ሊያደርጉላት ዋጋ ሁሉ ተነጋግረዋል።

ላፕቶፑን ተቀብዬ ከፈትሁት። በባትሪ ነበር የሚሠራው። ጣቴን ታችፓዱ ላይ ሳስኬድ ቀስቷ እንደ ውኃ ፈሰሰች። ቻርጀሩን ሰካሁት፤ ጭፈራው ተጀመረ። ነቀልሁት፤ ቆመ። ደግሜ ሰካሁ፣ ደግሜ ነቀልሁ። ምርመራው በዚሁ አለቀ፤ ቴርሚናል እንኳ አልከፈትሁም።

በእጄ የሚያልፉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ በዱባይ በኩል የመጡ ናቸው። ቻርጀራቸው ባለ ሦስት እግር የእንግሊዝ ሶኬት ራስ አለው። ሦስተኛው እግር የግራውንድ ነው። የእኛ ግድግዳ ግን ባለ ሁለት ቀዳዳ ስለሆነ መሐል ላይ ርካሽ አዳፕተር ይገባና ያን ሦስተኛ እግር ማንም ሳያየው ውጦ ያስቀረዋል። ግራውንድ አለው ተብሎ የተገጠመውን ሶኬት ብትፈቱትም ሦስተኛው ሽቦ ብዙ ጊዜ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ወደ መሬት መውረጃ ያጣው ትርፍ ኤሌክትሪክ በላፕቶፑ ገላ ላይ ይንሳፈፋል። የብረት ሽፋን ያለው ላፕቶፕ ቻርጅ እየተደረገ ክንዳችሁን ጉንዳን የሄደበት ያህል ነዝሯችሁ ከሆነ እሱ ነው። ታችፓድ ደግሞ ጣት ሲጠጋው የሚለወጠውን እጅግ ጥቃቅን ቻርጅ እየለካ ነው የሚሠራው። ነውጡ ሲበዛበት ያን ነውጥ ጣት ነው ብሎ ያነበዋል። ድራይቨሩ የተነገረውን ያደርሳል እንጂ ከራሱ አይፈጥርም።

ቢሮዋ ያለውን ሶኬት ኤሌክትሪሻን እንዲያየው ነገርኋት፤ እስከዚያው በባትሪ ትሥራ። የድካሜን ልትከፍለኝ ቦርሳዋን ስትከፍት ምን ብዬ እንደምቀበል ጠፋኝ። ለነቀልሁበት ይከፈላል እንዴ?

ከኤሌክትሪኩ ቀጥሎ የማነሣው ካቻቪቴ ነው። ክሊክ አልል ያለ፣ ወይም አንድ ጎኑ ቀና ቀና ያለ ታችፓድ ሲመጣ የኋላ ብሎኖቹን እፈታለሁ። ባትሪው ከታችፓዱ ሥር የሚተኛባቸው ላፕቶፖች ላይ አብጦ ከታች እየገፋው አገኛለሁ። ይህ ሲሆን ቀልድ የለም፤ ያበጠ ባትሪ ይወጣል፤ አይበሳም፣ አይጫንም።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ሲያበቃ ነው «ድራይቨር» የሚለው ቃል ከአፌ የሚወጣው።

የድራይቨሩ ጣጣ ከአሮጌ ልማድ የመጣ ነው። አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ፒኤስ ቱ የሚባለውን መስመር ሲያወጣ ለኪቦርድና ለማውስ ነበር። ማውስ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይህን ያህል ተንቀሳቀስሁ፣ ይህ ቁልፍ ተጫነ። ታችፓድ ሲመጣ በዚያው መስመር ማውስ መስሎ ገባ። ታዲያ ማውስ መስሎ የገባ እንግዳ ሁለት ጣት እንዳረፈበት በምን ቋንቋ ይናገር? የታችፓድ አምራቾቹ ሲናፕቲክስ፣ አልፕስ፣ ኢላንቴክ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምሥጢራዊ አነጋገር አበጁ። የኦፕን ሶርስ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከአምራቹ ወረቀት ሳያገኙ፣ የሚመላለሰውን ቁጥር እየተመለከቱ ነው ያን ቋንቋ የፈቱት። ዛሬም አዲስ የተጫነ ሊኑክስ ላይ ቀስቷ ትሄድና በሁለት ጣት ስክሮል እንቢ ካለ፣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ያ ነው፤ የሊኑክስ ልብ የሆነው ከርነል ታችፓዱን ተራ ማውስ ብሎ ተቀብሎታል።

ከዚያ የመጣውን ስናገር ሊኑክስ ወዳጆቼ ይከፋቸዋል፤ መፍትሔው በትልቁ የመጣው ከማይክሮሶፍት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ታችፓዶች አይ-ቱ-ሲ በሚባለው መስመር የሚነጋገሩበትን የጋራ ሥርዓት አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ከዊንዶውስ 8.1 ጋር ታችፓዱ ራሱ አንድ ቋንቋ እንዲናገር ደንብ አበጀ። ሊኑክስም ያን አንድ ቋንቋ ሲማር የብዙ አምራቾችን ታችፓድ ባንድ ጊዜ አገኘ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች እጄ ላይ እምብዛም የማይቆዩት ለዚህ ነው። የሚያስቸግሩት መሐል ዘመን ላይ የተሠሩት፣ በፒኤስ ቱም በሌላ መስመርም መናገር የሚችሉት ናቸው። ደግነቱ ራሳቸው ይናዘዛሉ፤ የከርነሉን የማስነሻ መዝገብ ስታነቡ «ታችፓዳችሁ በሌላም መስመር መነጋገር እችላለሁ እያለ ነው» የሚል ፍሬ ነገር ያለው መስመር ታገኛላችሁ፤ የትኛውን ማብሪያ 1 ማድረግ እንዳለባችሁም አብሮ ይነግራችኋል። ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ታችፓዱ ሞቶ የሚነሣውንም፣ የድራይቨሩን ሞጁል ከከርነሉ አውጥቶ መልሶ ማስገባት ብዙ ጊዜ ያስነሣዋል።

በኛም አገር ሊኑክስና ጠባየኛ ታችፓድ በብዙ ልጆች እጅ ገብተው ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኤክስ ኦ የሚባሉት አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች በሺዎች ሆነው ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ሲታደሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ታችፓድ በጠባዩ የታወቀ ነበር፤ እርጥበት ወይም ላብ ሲነካው ልኩን ይስታል፣ ቀስቷም ትፈነጫለች። መድኃኒቱ የኪቦርዱን አራት የማዕዘን ቁልፎች ተጭኖ ልኩን እንደገና እንዲይዝ ማድረግ ነበር። ለዚያ ታችፓድ የተጻፈው ድራይቨር አሁንም ለማንም ሰው ክፍት ነው። አንዱ ቦታ ላይ ጸሐፊው ታችፓዱ ማንም ሳይነካው ለምን ቁጥር እንደሚያፈስ ጨርሶ እንደማያውቅ ጽፏል፤ ያን ጊዜ ቀስቷ እንደ ሰካራም ትሆናለች ይላል። እኔ ያደነቅሁት ያገኘውን ዘዴ ነው። እውነተኛ ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ሰካራሙ ታችፓድ ግን አንድ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች ይላል፤ ቢደመር ቢደመር ዜሮ አጠገብ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ ጥቃቅኖቹን እየደመረ ይጠብቃል፤ ድምሩ ከዜሮ ካልራቀ «ጣት የለም» ብሎ ልኩን ያስይዛል። ይህን ካነበብሁ በኋላ የሚዘል ታችፓድ በመጣልኝ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ወዴት እንደሚዘል ነው።

ባለፈው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ወገን አንድ መሪጌታ መጡ። ቅኔ ያስተምራሉ፤ ያርሳሉም። የግእዝ ጽሑፋቸውን የሚጽፉበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። «ልጄ፣ ይኼ ነገር የልጅ ልጄን ይሰማታል፤ እኔን አልሰማ አለ። እርጅና ይሆን?»

«የለም መሪጌታ፤ እርፍ ነው» አልኋቸው። እርፍ የጨበጠ እጅ ደርቆ ይወፍራል፤ ታችፓዱ ከወፈረ ቆዳ ሥር ያለውን ገላ በደንብ አያገኘውም። ሊብኢንፑት የሚባለው፣ ፒተር ሁተረር ለዓመታት የተንከባከበውና ዛሬ አብዛኛው ሊኑክስ የሚጠቀምበት የድራይቨር ቤት፣ የጣትን «ግፊት» እያሳየ የሚለካ መሣሪያ አለው። ግፊት ይበሉት እንጂ ሚዛን አይደለም፤ ጣቱ ምን ያህል ገላ እንዳሳረፈ ነው የሚናገረው። መሪጌታን ጣትዎን ያሳርፉ አልኋቸው። ቁጥሩ 22፣ 26፣ 24 እያለ ተመላለሰ። እሳቸው ላፕቶፕ ላይ ጣት ነካ ለመባል 30 ይፈለጋል። ሲጫኑ 31 ይደርሱና ወዲያው ይወርዳሉ፤ ቀስቷም ተነሥታ ትቆማለች። በማስተካከያው ፋይል ውስጥ ሁለት ሦስት መስመር ጽፌ መነሻውን ወደ 18 አወረድሁት። ከዚያ በታች አልሄድሁም፤ ሲጽፉ መዳፋቸው ራሱ እንደ ጣት ይቆጠርባቸው ነበር። ላፕቶፑ ዳግም ሲነሣ ጣታቸውን አሳርፈው ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት፤ ቀስቷ እግር በእግር ተከተለቻቸው።

ያን መለኪያ መሣሪያ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ተጭኖ አላገኘሁትም። ከፍላሽ ነው የጫንሁት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ለካ እጄ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ አንዲት ትንሽ ፓኬጅ አጥቼ ደንበኛ መልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልጉኝን ሁሉ ከነመመሪያቸው በሁለት ፍላሽ አኑሬአለሁ።

ጭፈራው ከቻርጀሩ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቡሬም ሁኑ ሰከላ፣ ታችፓድ አስቸግሯችሁ ወደ ባለሙያ ስትሄዱ ላፕቶፑን ብቻ አትያዙ። ቻርጀሩን፣ ገመዱንና ያችን ትንሽ አዳፕተር አብራችሁ አምጡ።