ሂሩት ማናት? ስለ ፊልም መግቢያ ጽሑፍ አጭር ሂስ

ሐያሲ ልብ ወለድን ሲመረምር ከርእሱ ይጀምራል፤ መቅድሙንም፣ መታሰቢያነቱንም አያልፍም። ፊልምን ሲመረምር ግን ከመጀመሪያው ትዕይንት ይነሣል። ከዚያ በፊት በሸራው ላይ ያለፉትን፣ ማለትም የፊልሙን ርእስ፣ የተዋንያኑንና የባለሙያዎቹን ስም፣ እነዚህንም የተሸከመውን ሥዕልና ሙዚቃ እንደ ደረሰኝ ቈጥሮ ይተዋቸዋል። ይህ ጽሑፍ የፊልም መግቢያ የድርሰቱ አካል መሆኑንና በእኛ አገር «ታሪኩ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ጭምር የሚሸከም መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ለዚህ ጥበብ ከሚጠቀሱት ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1955 ሶል ባስ የተባለው አሜሪካዊ የንድፍ ባለሙያ ለኦቶ ፕሬሚንገር ፊልም፣ ለ«ባለ ወርቅ ክንዱ ሰው» የሠራው መግቢያ ነው። በጥቁር መደብ ላይ ነጫጭ ዘንጎች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ስሞቹ በመካከላቸው ይነበባሉ፤ በመጨረሻም አንድ የተጣመመ ክንድ ይታያል። ፊልሙ በአደንዛዥ ዕፅ ስለ ተጠመደ ሰው የሚተርክ ነውና ተመልካቹ ታሪኩ ሳይጀመር ጭብጡን በዐይኑ አይቶታል። በዚያ ዘመን የመግቢያው ጽሑፍ ባልተከፈተ መጋረጃ ላይ ማለፉ የተለመደ ስለ ነበር፣ መጋረጃው አስቀድሞ እንዲከፈት የሚያሳስብ ማስታወሻ ከፊልሙ ጋር ተልኮ እንደ ነበር ይነገራል።

በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቈጣጠር በ1948፣ በአዲስ አበባ ሰንጋ ተራ አጠገብ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተመረቀ። ሕንፃው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ ቤትነት የተጀመረ ነበር። ወደዚህ አዳራሽ ኋላ እንመለስበታለን።

ይሁንና መግቢያን ማስጌጥ ከባሕር ማዶ የመጣልን ጥበብ ብቻ አይደለም። የብራና መጽሐፍ ሲከፈት አስቀድሞ የሚታየው ሐረጉ ነው፤ የመክፈቻው መስመርና ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስምም በጸሎቱ መካከል ይገባል። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ ደግሞ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው የተጻፈበት ብራና ጥቂት አይደለም። ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ፦ በመግቢያ ላይ ስም መጻፍ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የባለቤትነት ምስክርነት ነው።

ይህን ይዘን ወደ አማርኛ ፊልም ስንመለስ ሁለት ርእሶች ጎን ለጎን ይቆማሉ። የመጀመሪያው፣ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የወጣውና የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። በእኛ ልማድ የሰው ሙሉ ስም የራሱና የአባቱ ነው። ርእሱ እንግዲህ የስሙን ግማሽ ጽፎ ግማሹን ይጠይቃል። ተመልካቹ አንድም ተዋናይ ሳያይ ጉድለት እንዳለ ዐውቋል።

ሁለተኛው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (2006 ዓ.ም.) ነው። ቃሉ ኅብር ነው፦ ጀግንነትም ነው፣ ሴትን ልጅ አስገድዶ መድፈርም ነው። በቅኔ ቤት አነጋገር ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል አድረዋል። በላቲን ፊደል ተጽፎ ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ግን አማርኛ ለማያውቀው ተመልካች ድምፁ እንጂ ኅብሩ አይደርሰውም። ለትዳር የተጠለፈችውን ልጅ ፊልሙ ሂሩት አሰፋ ይላታል። የአባቷ ስም እነሆ ተገኘ። ጥያቄው ግን አላበቃም። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በዚያው በብሔራዊ ቴአትር ፊልሙ ሊመረቅ ታዳሚው ከተቀመጠ በኋላ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይታይ ቀረ። አቤቱታው የቀረበው የፊልሙ መነሻ የሆነው ታሪክ ከደረሰባት ሴት ወገን ነበር።

የክርክሩን ፍርድ ለሕግ ሰዎች እንተው። ለሐያሲ የሚቀረው ግን ቀላል አይደለም። አንድ ፊልም በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነኝ ሲል ሁለት ግዴታዎች ይጋጩበታል። ስም መለወጥ የተጎዳን ሰው ከዐይን ይጋርዳል፤ ያው ስም መለወጥ ግን ባለታሪኳን ከታሪኳ ሊፍቃት ይችላል፣ ልክ እንደዚያ ብራና። ይህን ግጭት የፊልሙ ሴራ ብቻውን አይፈታውም። የሚዳኘው በመግቢያውና በመዝጊያው ጽሑፍ፣ በማን ስም መጻፍ፣ በቅደም ተከተሉና በፊደሉ መጠን ነው። እዚያ ላይ ንድፍ ሥነ ምግባር ይሆናል።

ብዙዎቹ የአማርኛ ፊልሞች በዚህ ረገድ ቸልተኞች ይመስሉኛል። ኮምፒዩተሩ በሰጠው ፊደል ርእሱ ይለጠፋል፤ ስሞቹ ከከተማው የአየር ላይ ምስል ጋር ይሮጣሉ፤ ተመልካቹም እስኪያልፉ ድረስ ወንበር ይፈልጋል። ለቸልተኝነቱ ግን ሠሪው ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ ሐያሲውም አልጠየቀም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ፊልምን ለጥናት ሲመርጥ ምርመራውን ከመጀመሪያው ፊደል ይጀምር፤ ማን እንደ ተጻፈ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልተጻፈም ይመዝግብ።