በ48 ሰዓት አንድ ሙሉ ጌም!

ይህን ነገር እስካሁን ማን ደበቀብኝ? ዓርብ ማታ ተማሪዎች ባዶ ስክሪን ፊት ይቀመጣሉ፤ እሑድ ማታ የማያውቁት ሰው መጥቶ የሚጫወተው፣ መጀመሪያም መጨረሻም ያለው ጌም ሠርተው ይነሳሉ። ጌም ጃም ይሉታል። በግቢያችን የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ተማሪዎች ሲያዘጋጁት ገባሁበት፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አቁሜ የማወራው ስለዚሁ ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ጭብጡን ሰዓቱ እስኪደርስ ማንም አያውቅም፤ ከተነገረ በኋላ ቆጠራው ይጀምራል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ እጅ ከኪቦርድ ይነሳል። ትልቁ፣ ግሎባል ጌም ጃም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር በ23 አገሮች፣ በ53 ቦታዎች ነበር። በ2020 ከ100 በላይ አገሮች ገብተውበት ከ9 ሺህ በላይ ጌሞች ተሠርተዋል፤ ያውም በአንድ ቅዳሜና እሑድ! ጭብጡ ደግሞ አንዳንዴ ቃል እንኳ አይደለም። በ2013 ተሳታፊዎቹ እንዲሰሙ የተደረገው የልብ ምት ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያች ድምፅ ተነስተው የለንደኑ ቦሳ ስቱዲዮስ ልጆች ሰርጀን ሲሙሌተርን ፈጠሩ፤ የሐኪሙን ጣቶች በየቁልፉ አንድ በአንድ እያንቀሳቀሱ ልብ የሚቀይሩበት፣ መጋዙ ከእጅ የሚያመልጥበት፣ በሳቅ የሚገድል ጌም ነው። በዚያው ዓመት ለገበያ ቀረበ።

ባባ ኢዝ ዩ ግን ይለያል። ፊንላንዳዊው አርቪ ቴይካሪ በ2017 በኖርዲክ ጌም ጃም ላይ የጀመረው ነው፤ ጭብጡ «እዚያ የለም» የሚል ነበር። በዚህ ጌም ውስጥ ደንቡ ራሱ ስክሪኑ ላይ በቃላት ተጽፎ ተቀምጧል፤ ቃላቱም ይገፋሉ! ግድግዳ ያግዳል ከሚለው ዓረፍተ ነገር አንዷን ቃል ገፋ ስታደርጓት ግድግዳው እዚያው እንደቆመ ማገዱን ይተዋል፤ በመሐሉ ሰተት ብላችሁ ታልፋላችሁ። ቃላቱን አዛውራችሁ ራሳችሁን ድንጋይ ማድረግም ትችላላችሁ። በ2018 በኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል የምርጥ የተማሪ ጌም ሽልማት ወሰደ፤ በ2019 ለገበያ ወጣ። ዓመት ሙሉ ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣለት አይመስለኝም። ጊዜ ሲጠብ ሰው ያለችውን አንዲት ሐሳብ አጥብቆ ይይዛል፤ ዓይኔ እያየ የሆነውም ይኸው ነው።

የእኛ ጭብጥ «ብርሃን» ነበር። እቅዳችን መጀመሪያ ላይ ከተማ ነበረው፣ ገበያ ነበረው፣ የሚያባርር ጅብ ነበረው። ቅዳሜ ከሰዓት ከተማውም ገበያውም ጅቡም ተሰረዙና አንድ ልጅ፣ አንድ ኩራዝና አንድ ጨለማ ቤት ቀሩ። ልጁ ከጓዳ ተነስቶ ውጭው በር መድረስ አለበት፤ ነፋስ በየመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ቁልፉን ተጭናችሁ ስትይዙ ልጁ ነበልባሉን በመዳፉ ይጋርደዋል፤ እሳቱ ይተርፋል፣ ቤቱ ግን ይጨልማል። ስትለቁት ታያላችሁ፤ ነፋሱ ከመጣ ግን አለቀላችሁ። በቃ፣ ይህ ብቻ! እመኑኝ፣ ጅቡ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አያስጨንቅም።

ነፋሱን የሠራችልን ልጅ ስልኳን አፏ አጠገብ ይዛ እፍ እያለች ነው የቀዳችው። ለሌላው ድምፅ ኤስኤፍኤክስአር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ተጠቀምን፤ አንድ ጊዜ ሲጫኗት የሳንቲም፣ የዝላይ ወይም የፍንዳታ ድምፅ ትሰጣለች። እሷም በ2007 ሉደም ዴር ለሚባለው የ48 ሰዓት ውድድር ተሳታፊዎች ተብላ የተሠራች ናት። ተወዳዳሪ ለተወዳዳሪ መሣሪያ ሠርቶ በነፃ የሚያድልበት ሌላ ውድድር ካለ ንገሩኝ!

ደግሞ ዝላዩ! ቤቱ ውስጥ የተሰበረ ደረጃ አለ፤ የሞከሩት ሁሉ እየወደቁ «ተጭኜ ነበር እኮ!» ይላሉ። ኮዱ ልክ ነው፤ የልጁ እግር ጠርዙን ከለቀቀ በኋላ ነው ቁልፉ የተነካው። ኮድ የሚጽፈው ጓደኛችን አንድ መስመር ጨመረ፦ ጠርዙን ከለቀቀ በኋላም ለአንድ አስረኛ ሰከንድ መዝለል ይፈቀድ። ተጫዋቹ ይህን ፈጽሞ አያውቅም፤ እጄ ፈጣን ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ሴሌስት የተባለው ዝነኛ ጌምም ይህችኑ አንድ አስረኛ ሰከንድ ይሰጣል። የሴሌስትም መነሻ ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በ2015 በአራት ቀን የሠሩት ትንሽ ጌም ነው።

ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን ሰው ሲጫወተው ማየት ነው። እሑድ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣች ልጅ ተቀመጠች። ምንም እንዳይነገራት ተባባልን፤ እጃችንን አጣጥፈን ከኋላዋ ቆምን። ኩራዙን ጋረደች፣ ስክሪኑ ጨለመ፣ የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጫን አድርጋ ጆሮዋ ላይ ያዘች። ነፋሱ ጋብ ሲል ገለጠች፤ ሽው ሲል መልሳ ጋረደች። ያለ ምንም ስሕተት! እኛ በዓይን እንዲታይ የሠራነውን ጌም እሷ በጆሮዋ ተጫወተችው። እንደ ተነሳች መስኮቶቹን የሚያሳየውን ምልክት በሙሉ አጥፍተን ነፋሱን ከፍ አደረግነው። ጌሙ ያን ጊዜ ጌም ሆነ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው!

ብዙ ነገር ጀምረን በእንጥልጥል የምንተው ተማሪዎች አንድ ነገር ፈጽመን፣ ለሰው ሰጥተን፣ ሲጫወቱበት አየን። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ቅዳሜና እሑድ አላውቅም።

ጎዶት የሚባለው ጌም መሥሪያ በነፃ ይወርዳል፤ ከ2014 ጀምሮ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ግሎባል ጌም ጃም በየዓመቱ ጥር ላይ ይካሄዳል። ኮድ የማትችሉ ሥዕል ይዛችሁ ግቡ፤ ሥዕል የማትችሉ ድምፅ ይዛችሁ ግቡ፤ ላፕቶፕ የሌላችሁ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ይዛችሁ ግቡ። ግቢያችሁ ውስጥ የሚያዘጋጅ ከሌለ አንድ ክፍል አስፈቅዱና ራሳችሁ ጀምሩት።