አንድ ሥዕል፣ ሁለት ቋንቋ

ልጅ ያላችሁ፣ የእህት የወንድም ልጅ የምታሳድጉ፣ አስተማሪዎች፣ አያቶች፣ እስቲ ስሙኝ! ልጆች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እየሳቁ የሚያነቡት ነገር አግኝቻለሁ። ነጻ ነው። ስልክ ላይ ይከፈታል፣ በወረቀት ይታተማል። ካገኘሁት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለኝም፤ አምቦ ውስጥ የማውቀውን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆምኩ አሳይቻለሁ።

ስሙ አፍሪካን ስቶሪቡክ ነው። ጆሃንስበርግ የሚገኝ አንድ የርቀት ትምህርት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 የከፈተው የልጆች የተረት መጻሕፍት ማከማቻ ነው፤ ዛሬ ከ200 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይነበባል። የእኛዎቹም አሉበት፦ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ። መጻሕፍቱ ከጥቂት ቃላት ተነስተው ረዘም እስካለ አንቀጽ ድረስ በ5 ደረጃ ተከፍለዋል። መተግበሪያውን ጭናችሁ ተረቱን አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይነበባል፤ ይህ ከጊንጪ እስከ ባኮ ላለ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እኔን ያስፈነደቀኝ ግን ነጻ መሆኑ ብቻ አይደለም። አንዱ ተረት፣ በዚያው ሥዕል፣ በዚያው የገጽ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ቋንቋ መቀመጡ ነው! ዶሮና ሺ እግር የሚጣሉበትን ተረት ውሰዱ። ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው፤ ግን ሁልጊዜ ይፎካከራሉ። አንድ ቀን ማን እንደሚበልጥ ለመለየት ኳስ ይጋጠማሉ። ሺ እግር 5 ጎል ታገባለች፤ ዶሮዋ በንዴት አፏን ከፍታ ዋጥ! ከዚያ በኋላ ያለው ማግሳት፣ ማስነጠስና ማሳል ነው፤ የጉደሯ የእህቴ ልጅ እዚህ ስትደርስ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። መጀመሪያ ያነበበችው በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ የትምህርት ቤቷ ቋንቋ ነው። ወዲያው የአማርኛውን ከፈትኩላት። አማርኛ ማንበብ «ይከብደኛል» ትል የነበረች ልጅ ሥዕሉን እንዳየች የሚመጣውን አውቃዋለች፤ ፊደሉን የምትከተለው የምታውቀው ነገር እንዴት እንደተጻፈ ለማየት ነው። ማንም ሳይነግራት ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ዶሮዋ የምትውጥበት ገጽ እስኪደርስ እየተጣደፈች ጨረሰችው። ከዚያ «ሌላ!» አለች። «ሌላ» የምትለዋን ቃል ከአንድ አንባቢ ልጅ አፍ ከመስማት የሚበልጥ ደስታ አላውቅም።

ለምን እንደሚሠራ ሳስበው የበለጠ እደነቃለሁ። የአካባቢያችን ልጅ ሁለት ቋንቋ ብቻ አይደለም የሚማረው፤ ሁለት የተለያየ የአጻጻፍ ሥርዓትም ጭምር ነው። በፊደላችን አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም አዝሎ ይመጣል። ስለዚህ ቃሉ አጭር ነው፤ ነገር ግን 33ቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ 231 ቅርጽ ናቸው፤ ልጁ እነዚያን ሁሉ በዓይኑ መለየት አለበት። ቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ደግሞ ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ቃሉ ግን ይረዝማል፤ አናባቢው ሲረዝም ይደገማል፣ ተነባቢው ሲጠብቅም ይደገማል። ልጁ የሚያየውን ያነብባል። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ መንፈስ ተነስቶ መወሰን ይኖርበታል። እንግዲህ አስቡት፤ የዐረፍተ ነገሩን መንፈስ አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ይህን ውሳኔ በምን ያህል ቅለት እንደሚወስነው! ተረቱን ያውቀዋል፤ ጭንቀቱ ግማሽ ሆኗል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጂም ከሚንስ ልጅ በአንድ ቋንቋ ያዳበረው የማንበብ ችሎታ ወደ ሁለተኛው እንደሚሻገር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲጽፉ ኖረዋል። እኔ ጉደር ላይ በዓይኔ አየሁት።

አማርኛ ተናጋሪ ለሆናችሁ የአምቦና የአካባቢው ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ በተቃራኒው አቅጣጫም ሞክሩት! ልጆቻችሁ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጫወቱ አፋን ኦሮሞን ያንበለብሉታል። ቤት ሲገቡ ግን ከትምህርት መጽሐፍ ውጪ በቁቤ የተጻፈ የሚያስቅ ነገር ስንቶቻችን ሰጥተናቸዋል? ልጆቹ ከተማው ውስጥ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ላይ ከላይ በቁቤ፣ ከሥሩ በፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ እያዩ ነው የሚያድጉት። ዓይናቸው ተዘጋጅቷል፤ የጎደለው ተረቱ ነበር።

ደግሞ በራስ ተረት ማንበብ ማስተማር በእኛ ሰዎች ዘንድ የቆየ ሥር አለው! ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከመዋሉ ከ90 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ አንድ የአፋን ኦሮሞ የማንበቢያ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ታትሟል። ያዘጋጁት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር ከባርነት ነጻ የወጣች፣ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ያለች ወጣት ነበረች፤ ከትዝታዋ እየቀዳች ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ታሪኮችን ሰብስባለች፤ ከእነዚያም ከፊሎቹ ለዚያ መጽሐፍ ውለዋል። ማንበብ የሚማር ሰው የራሱን ሕዝብ ዘፈንና ተረት ያንብብ ብላ! ይህችን ሴት እያንዳንዱ የአምቦ ተማሪ በስሟ ቢያውቃት ደስታዬ ወሰን የለውም።

ስለ ሁለት ቋንቋ ካነሳንስ ጸሐፌ ተውኔቱን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ማን ይረሳል? በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደ፣ አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ፤ ገና አምቦ ተማሪ ቤት ሳለ ተውኔት የጻፈ። «ኦቴሎ»ን እና «ሐምሌት»ን በአማርኛ ያሰማን እሱ ነው፤ በኦዳ ዛፍ ስም የሰየመውን የእንግሊዝኛ ተውኔቱን ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተመው። ከአንድ በላይ ቋንቋ ልጅን ያደናግራል ለሚሉ ሁሉ የቦዳን ልጅ እጠራላቸዋለሁ።

ወደ ማከማቻው ልመለስ፤ ትርጉሙ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ብዙው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ስለሆነ አንዳንዱ አማርኛ ይንገዳገዳል። ነገር ግን፣ አሁን ነው ልቤ የሚዘልለው፣ ማንም ተመዝግቦ ማስተካከል ይችላል! አዲስ መተርጎምም፣ እንዲያውም የራሱን ተረት እዚያው ካሉት ሥዕሎች ጋር አዋህዶ መጽሐፍ ማድረግም ይችላል። የጌዶ አያት ምድጃ ዳር የሚያወሩት የጅብና የቀበሮ ተረት፣ ማታ ማታ በአፋን ኦሮሞ የምንጠያየቀው እንቆቅልሽ፣ ሂቦ፣ «እንቆቅልህ» ብለን መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» የምንባባልበት ጨዋታ፣ ሁሉም በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል። የአያትን ቃል መጻፍ የሚችል የሰባተኛ ክፍል ልጅ በየቤቱ አለ።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ተረት፣ ከሦስተኛው ደግሞ የዶሮዋንና የሺ እግርን ዓይነት አንድ የሚያስቅ ምረጡ። ለልጁ የሚቀናውን ቋንቋ አስቀድሙለት። ጮክ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡ፤ ሲሳሳት አታርሙት፣ ገጹን ግለጡለት። ከወደደው በወረቀት አሳትሙለት፤ በትንሽ መጽሐፍ መልክ ታጥፎ እንዲወጣ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ሁለቱንም ቋንቋ አሳትማችሁ፣ በሽቦ ሰፍታችሁ፣ ስሙን ሽፋኑ ላይ በፊደልም በቁቤም ጽፎ የራሱ እንዲያደርገው ስጡት።