ስምንተኛው ሺና የሌሊቱ ሰዓት

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው "ስምንተኛው ሺ ደረሰ" የሚለውን አባባል ሳይሰማ አያድግም። መካነ ሰላም አካባቢ ትኖር የነበረችው አያቴ ለሁሉም ነገር ትጠቀምበት ነበር። በርበሬ ሲወደድ፣ ልጅ ለአባቱ አፍ አውጥቶ ሲመልስ፣ በጥቅምት በረዶ ወርዶ ገብሱን ሲያጋድመው፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ "ስምንተኛው ሺ ነው፤ ምን ይደረግ!" ትላለች። አጥር የሚያዋስኗት ሙስሊም ጎረቤቷም "ቂያማ ቀርቧል፤ ነቢዩ ኢሳም ይወርዳሉ" እያሉ ያግዟት ነበር። በመጨረሻው ቀን ጉዳይ ሁለቱ ተከራክረው አያውቁም። የሚከራከሩት በዶሮ ነው።

አባባሉን አንድ ቀን በቁጥር ብመረምረው ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ዓመተ ዓለምን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል። እንግዲህ ሰባተኛው ሺ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ስምንተኛው ሺ በ1501 ዓ.ም. ገብቷል። 2000 ዓ.ም.ን በርችትና በጭፈራ ስንቀበል እኩሌታው ሊሞላ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። "ደረሰ፣ ደረሰ" የምንለው እንግዳ ከ500 ዓመት በፊት ገብቶ ቁጭ ብሏል!

ይህን የምለው በቀደሙት ሰዎች ለመሳቅ አይደለም። አዲሱ ሺ ከገባ ገና በሃያ ዓመቱ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ ኢማም አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ ዐፄ ልብነ ድንግልን ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ የአምሐራ አድባራት ሲቃጠሉ ያየ መነኩሴ "ጊዜው ደረሰ" ቢል ማን ይፈርድበታል? የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ ስጋት ውስጥ የኖረ ሕዝብ እንዴት ይጠብቅ ነበር? መልሱን የምፈልገው ከታሪክ መጻሕፍት ሳይሆን ከሥነ ጽሑፉ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ወርሰናል፤ ሁለቱም ከዚህ ደጋ ጋር የተያያዘ ታሪክ አላቸው።

አንደኛው ፍካሬ ኢየሱስ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ስለ መጨረሻው ዘመን ይጠይቃሉ፤ ጌታም ትውልድን በትውልድ እያስከተለ የሚመጣውን ክፋት ይዘረዝርላቸዋል። ዳኛው ጉቦ ይበላል፣ ገዢው ይጨክናል፣ ካህኑ ይዘነጋል። በመጨረሻም ቴዎድሮስ የሚባል ደግ ንጉሥ ይነሣል። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ የመረጡት ስም ከዚህ ተስፋ የተወሰደ ነው። የዚያ ተስፋ መጨረሻ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሆነ። ዕለቱ የትንሣኤ ማግስት ነበር። የንጉሡ የብራና መጻሕፍት ደግሞ በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወደ ባሕር ወረዱ፤ ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ናቸው።

ፍካሬውን እንደ ድርሰት ካየነው ጉልበት የሌለው ጽሑፍ አይደለም። ሰው ገዢውን ፊት ለፊት መውቀስ በማይችልበት አገር፣ ወቀሳውን በጌታ አፍ ማስነገር ትልቅ ብልሃት ነው። ድክመቱ ግን ከዚያው ከብልሃቱ ይወለዳል። አንባቢው ምልክት ቆጣሪ ይሆናል። የሚቆጠረው ምልክት ደግሞ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ኃጢአት ነው፤ የጎረቤት፣ የሹሙ፣ የዛሬ ልጆች። በዝርዝሩ ውስጥ "እኔ" የሚባል ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ዛሬ በየደብሩ ደጅ የሚሸጡት የትንቢት መጽሐፎችም ይህንኑ ዝርዝር ነው የሚያባዙት፤ የፍካሬውን ቋንቋ ግን አልወረሱም።

የአክስቴ ባል ከዚህ ዓይነት ትምህርት የደረሰባቸውን አውቃለሁ። በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል፣ አንድ ዘዋሪ ባሕታዊ "ከመስከረም ወዲያ እህል አትቀምሱም" ብሎ አስተማረ። እርሳቸውም ከሁለት በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው ገንዘቡን መጸወቱ። መስከረም ገባ፤ ጥቅምትም ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚያርሱት በመቀናጆ ነው። ነገሩ ሲነሣባቸው ዝም ይላሉ እንጂ ባሕታዊውን አይረግሙም።

ሁለተኛው ጽሑፍ ሰዓታት ነው። የደራሲው የአባ ጊዮርጊስ ገዳም ጋሥጫ ያለው እዚያው ቦረና ውስጥ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ የታላቅ ደራሲ አገር እየገባ መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሹፌሩም አይነግረውም። አባ ጊዮርጊስ የኖሩት በዐፄ ዳዊትና በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ሰባተኛው ሺ ሊሞላ መቶ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን የመሰለ የክርክር መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ ናቸውና ስለ ዘመን መጨረሻ የሚያስፈራ ዝርዝር ልጻፍ ቢሉ ማንም አይቀድማቸውም ነበር። ለሕዝቡ የሰጡት ግን የሌሊትና የቀን ጸሎት ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰዓታት የሚጠይቀው "መቼ ይመጣል?" ብሎ አይደለም፤ "አሁን ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መቼ የሚለው ሰው ዓይኑ ሩቅ ነው። ስንት ሰዓት ነው የሚለው ሰው ግን እግሩ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ቆሟል፣ እንቅልፉን ይታገላል፣ መቋሚያውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ልመናው፣ ምንባቡ፣ የእመቤታችን ውዳሴ እየተፈራረቁ ሌሊቱን ይከፋፍሉታል። ምሕረት የሚለምነውም ጸላዩ ራሱ ነው፤ ጎረቤቱን ለመክሰስ ፋታ አያገኝም። በፍልሰታ ሌሊት በዚያ ብርድ ደጀ ሰላም ቆሞ ያደረ ሰው የምለው ይገባዋል።

ገድላቸው አባ ጊዮርጊስ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አልገባ ብሏቸው እህል ይፈጩ እንደነበር ይተርካል። የደብረ ዘይት እሑድ ምንባብ የሚወሰድበት የማቴዎስ ወንጌል ደግሞ በዚያ ቀን ወፍጮ ላይ ስለሚገኙ ሁለት ሴቶች ይናገራል። ይህን ያነሣሁት ገድሉና ወንጌሉ ተነጋግረዋል ለማለት አይደለም። የሰዓታት ደራሲ መጠበቅን በእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው እንደነበር ግን ድርሰቱ ራሱ ይመሰክራል።

የጾሙን ሥርዓት የደነገጉት አባቶችም ይህን የዘነጉ አልነበሩም። ደብረ ዘይት የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ነው፤ ወዲያው የሚከተለው ገብር ኄር፣ ጌታው እስኪመለስ መክሊቱን ነግዶ ያተረፈው ባሪያ እሑድ ነው። በሳምንት ልዩነት አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ገጾች ናቸው። ሰባኪዎቻችን ግን የመጀመሪያውን ገጽ በድምፅ ማጉያ ያነቡና ሁለተኛውን በሹክሹክታ ያልፉታል። ሐያሲዎቻችንስ? በሥነ ጽሑፍ ገጾች ላይ ስለ ልብ ወለድ ብዙ ተባብለናል፤ ሰዓታትን እንደ ድርሰት አንሥቶ የተቸ ጽሑፍ ግን እኔን አላጋጠመኝም። የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አይነካም ብለን ይሆናል። ሌላ ምክንያት ካለ የሚያውቅ ይጻፍ።

አያቴ ፍካሬውን በቃል ሰምታ፣ ሰዓታቱንም ቆማ የኖረች ናት። ሣጥኗ ውስጥ መግነዣዋ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። በየዓመቱ ታወጣውና ፀሐይ ታስመታዋለች። ያንኑ ቀን ደግሞ ሰፌዷን ይዛ ለበልጉ የሚዘራውን ገብስ ፍሬ በፍሬ ትለቅማለች። አንድ ጊዜ "እማ፣ ስምንተኛው ሺ ከደረሰ ይህ ሁሉ ለምን?" ብዬ ብጠይቃት ሰፌዱን ሳታቆም "እኔ የምለቅመው ዘር ነው" አለችኝ።

ያረፈችው በ2001 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። መግነዣው በዕድሜ ብዛት ወይቦ ነበር። ከጎታው ስር የተገኘውን የተለቀመ ገብስ የአክስቴ ባል በየካቲት በመቀናጆ አርሰው ዘሩት።