አጃቢ የተባለው ደራሲ፤ የዋልያስ ባንድ ጉዞና ሥራዎች

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን በሚጻፈውና በሚነገረው ሁሉ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ዘፈን ሲነሣ የድምፃዊው ስም ይቀድማል፤ የግጥሙና የዜማው ደራሲ አልፎ አልፎ ይጠቀሳል፤ ከድምፃዊው ጀርባ ቆሞ የሚነፋው፣ የሚደረድረውና የሚመታው ጓድ ግን «አጃቢ» በምትባል አንዲት ቃል ይታለፋል። ቃሏ ራሷ ሁሉን ትናገራለች። አጃቢ ማለት የጌታውን በቅሎ ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ነው፤ መንገዱን የሚመርጠው እርሱ አይደለም። በቅኔ ያደገ ሕዝብ በመሆናችን ቃሉን ከድምፁ ማስቀደማችን አይገርምም፤ ወርቁን ፍለጋ ሰሙን ስንቆፍር ጆሯችን ለግጥሙ ብቻ ይነቃል። ይሁን እንጂ ይህ ልማድ በአንድ የጥበብ ዘርፍ ላይ ያደረሰውን በደል ለማሳየት የዋልያስ ባንድን ታሪክ ያህል ግልጽ ማስረጃ አይገኝም። ዋልያሶች ብዙ ድምፃውያንን አጅበዋል፤ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ደራሲዎች ነበሩ። ያለ አንድ ቃል ድርሰት የደረሰ ጓድ በእኛ ዘንድ እንግዳ ስለሆነ እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ልንጠራው አልደፈርንም።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው የመንግሥትና የሠራዊት መሣሪያ ሆኖ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ነጋሪት ለሚጎሰምበት ቤተ መንግሥት ማርሽ ይነፉ ነበር። ከዚያም በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ለብዙ ዘመን የሙዚቃውን መድረክ ያዙት። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር፤ መለከቱም የመንግሥት ንብረት። በስድሳዎቹ መጨረሻ የምሽት ክበቦች ሲበራከቱና እንደ አምኃ እሸቴ ያሉ አሳታሚዎች በራሳቸው ገንዘብ ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ ነው ከተቋም ውጭ የቆመ የሙዚቃ ጓድ መተንፈሻ ያገኘው። ዋልያሶች የዚህ ለውጥ ልጆች ናቸው። በቬነስ ክበብ ይጫወቱ ከነበሩት ሙዚቀኞች መካከል በሰባዎቹ መጀመሪያ ተሰባስበው ባንዱን መሠረቱ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ቋሚ ተጫዋቾች ሆኑ።

እግረ መንገዴን ስለ ስማቸው አንድ ነገር ልበል። የቀድሞዎቹ ኦርኬስትራዎች የተጠሩት በባለቤታቸው፣ ማለትም በመሥሪያ ቤቱ ስም ነበር። የዚህ ትውልድ ጓዶች ግን ከምድሪቱ ላይ ስም ለቀሙ፤ ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክ፣ ሮሃ። የስሜን ገደል ፍየል፣ የቀይ ባሕር ደሴት፣ የላሊበላ ጥንታዊ መጠሪያ። ስም ለራሱ ያወጣ ሰው ጌታ እንደሌለው መናገሩ ነው።

የባንዱ ዋና ሥራ በ1977 በካይፋ ሪከርድስ በሸክላ የወጣው «ቼ በለው» ነው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በባስ፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፤ በዚህ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጨምሮበታል። በእንጦጦ አቀበት ፈረስ የጋለበ ወይም ሲጋለብ ቆሞ ያየ ሰው «ቼ» የምትለዋን ትንሽ ቃል ያውቃታል። ትርጉም ፈልጎ መዝገበ ቃላት የሚገልጥላት የለም፤ ፈረሱ ግን ይገባዋል። ሙዚቃ ያለ ግጥም ሊናገር ይችል እንደሆነ ለሚጠራጠር ከዚህ ርእስ የተሻለ መልስ አላውቅም። ባንዱ በአንዲት የጋላቢ ቃል ሥራውን ሰይሞ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ለምቱ ተወው።

በሸክላው ውስጥ ያሉት ቁራጮች ሁሉ እኩል አይደሉም። አብዛኞቹ ሕዝብ ከሚያውቃቸው ዘፈኖች የተወሰዱ በመሆናቸው አንዳንዴ ኦርጋኑ የድምፃዊውን ቦታ ብቻ ይዞ፣ ስንኝ በስንኝ እየተከተለ ይሄዳል፤ ሰሚውም ግጥሙን በልቡ ይሞላል። ይህ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ድርሰት ለመባል ግን ጥቂት ይቀረዋል። ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚቆመው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ርእሱን ልብ እንበል። ሎሚ ወይም ብርቱካን አይጠራም፤ ፍቅረኛ አይለምንም፤ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ይመስል ስለ ራሱ ስለ ሙዚቃው አሠራር ያውጃል። ባሱና ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይይዛሉ፤ አይለቋትም። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በአንድ አፍ ዜማውን ከላይ ይጥሉባታል፤ ጥለውም ዝም ይላሉ። በዝምታው ውስጥ ያቺ ሐረግ ብቻዋን ስትዞር ሰሚው የሚጠብቀው ዘፋኝ አለመኖሩን፣ መጠበቅም እንደማያስፈልገው ይረዳል። መሪም አጃቢም የሌለበት ንግግር ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ተራውን ጠብቆ ይገባል፣ የሌላውን ሰምቶ ይወጣል። ስለ ኅብረት ሥራ ብዙ በተሰበከበት ዘመን ከተሠሩት የጥበብ ሥራዎች መካከል ኅብረትን በቃል ሳይሆን በአሠራሩ ያሳየ ቢባል ይህን የሚወዳደር ጥቂት ነው።

በዚያን ጊዜ የሚቀርብ አንድ ክስ ነበር፤ ዛሬም ከአንዳንድ ወዳጆቻችን አፍ ይሰማል። «የሆቴል ሙዚቃ ነው» ይሉታል። የገበሬው ልጅ በረሀብና በጦርነት መካከል ሳለ ሒልተን ውስጥ ለቱሪስትና ለባለገንዘብ የተጫወተ ባንድ ምን ሕዝባዊነት አለው? ክሱ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። 1977 ቀይ ሽብር በየጎዳናው ሬሳ የሚጥልበት፣ የሶማሊያ ጦር ምሥራቁን የወረረበት ዓመት ነበር። በሰዓት እላፊው ዘመን ወደ ክበቡ የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ እዚያው ማደር ነበረበት፤ ሙዚቀኞቹም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱለት ነበር። ደስታ ብቻ ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ ያንን ሌሊት አላጤነውም፤ ከደጅ የሚሰማውን ላለመስማት መጨፈርም አለና። በሌላ በኩል የቀበሌ ኪነት ቡድኖች በየሰፈሩ፣ እዚህ በየካም ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወጣቱን ሰብስበው ያስዘምሩ ነበር። ከእነርሱ መካከል ብርቱ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ወጥተዋል፤ መዝሙሮቹ ግን ከታዘዙበት ቀን ብዙም አላለፉም። ጉዳዩ ቀላል ነው። ግጥም ሳንሱር ፊት ቀርቦ ይነበባል፣ ይሰረዛል፣ ይታረማል፤ በኦርጋን የተጫወተን ዜማ ግን በቀይ እስክሪብቶ ማረም አይቻልም። ዋልያሶች የያዙት ጥሬ ዕቃ ደግሞ ከሒልተን አዳራሽ አልተገኘም። ከሠርግ ቤት፣ ከአዝማሪ ቤት፣ ከፉከራና ከሽለላ የተገኘ ነው። ሙዚቃን የሚለየው የተጫወቱበት ቤት ከሆነ በቤተ መንግሥት ያቀነቀነውን አዝማሪ ሁሉ ከሕዝብ ልናስወጣው ነው።

ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር በካሴት ያወጣው «ወደ ሐረር ጉዞ» ለዳንስ የተመቸ፣ ኦርጋኑ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሄድበት ሥራ ነው። ደስ ይላል፤ ቢሆንም የ«ቼ በለው»ን ክርክር አናገኝበትም። አንድ መሣሪያ ይናገራል፤ ሌሎቹ ይስማማሉ።

ከዚያ 1981 መጣ። ዋልያሶች ማሕሙድ አሕመድንና ጌታቸው ካሣን ይዘው ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ ወደዚያች አገር የሄዱ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድም ናቸው። አዳራሹን የሞሉት በአብዛኛው አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ዙላ የተባለ ባንድም አቋቋሙ። የተመለሱት ስሙን ይዘው እስከ ዘጠናዎቹ መግቢያ ድረስ ተጫወቱ። የቀሩትንም የተመለሱትንም መውቀስ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ግጥም የሚጽፍ ሰው ቢሰደድ ብዕሩን ይዞ ይሄዳል፤ ባንድ ሲከፈል ብዕሩ ራሱ ለሁለት ይሰበራል።

ይህን በጆሮ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው «ወገኔ» የሚለውን ርእስ ይከተል። በ1977ቱ ሸክላ ላይ አንድ «ወገኔ» አለ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ቀርጾ «ሸሞንሟናዬ» ባለው ካሴት ላይ ሌላ «ወገኔ» አለ። በመጀመሪያው ትንፋሽ፣ ክርና ከበሮ የያዙ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠው ይጫወታሉ፤ አንዱ ሲያዘነብል ሌላው ይደግፈዋል፤ ትንሽ መዛነፍ እንኳ ሲኖር የሰው መዛነፍ ነው። በሁለተኛው ኃይሉ በወጣትነቱ በጦር ሠራዊት የተማረውን አኮርዲዮን እንደገና አንሥቷል፤ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር አነጥፏል፤ ድራም መቺ ስለሌለው ምቱን ለማሽን ሰጥቷል። ማሽኑ አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ አይሰማምም። የአኮርዲዮኑ ዜማ ያን የማይለወጥ ምት ተከትሎ ሲቃትት፣ ርእሱ የሚጠራው ወገን ከክፍሉ መውጣቱን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። እንደ እኔ ፍርድ ይህ ካሴት ከሁሉም የባንዱ አባላት የግል ሥራዎች ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ጉድለቱን ሳይደብቅ መሣሪያ ስላደረገው ነው። ስደትን በግጥም የጻፍን ሰዎች ብዙ ነን፤ በምት ማሽን የጻፈው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ መንገደኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ከሻንጣው ማስቀመጫ ያኖረውን ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከዘጠናዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የአሳተማቸው ዲስኮች «ሙዚቃዊ ስልት»ን ለዓለም አደረሱ፤ በኒው ዮርክ ያለ ዳክታሪስ የተባለ ባንድም በ1998 ቀርጾታል። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ደግሞ «ሸሞንሟናዬ»ን ባሕር ዳር ከሚገኝ ካሴት ቤት አግኝቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ፣ በ2013 እንደገና አሳተመው። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ፤ በ1975 በካሴት የወጣው «ትዝታ» በ2021 ታተመ። ካሴቱ ባሕር ዳር ውስጥ ለማንኛችንም ቅርብ ነበር። አንሥቶ የሚያደምጠው ሰው ግን ባሕር አቋርጦ መምጣት ነበረበት። ዛሬ በየካ አንድ የሙዚቃ መምህር ተማሪዎቹን ስለ ቅንብር ለማስተማር «ሙዚቃዊ ስልት»ን ማሰማት ቢፈልግ የሚያገኘው እትም የውጭ አገር አሳታሚ ማኅተም ያለበት ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ደግሞ እንዲህ ያሉ ቁራጮች በሁለት ዝግጅቶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሲሞሉ ኖረዋል፤ የተጫወታቸው ሰው ስም ሳይጠራ። አጃቢነት እንግዲህ ከዘፋኙ ወደ ዜና አንባቢው ተዛወረ ማለት ነው።

ግርማ በየነ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። ኃይሉም በ2018 «ላላ በሉ»ን ይዞ ብቅ አለ፤ በከበሮ ቶኒ በክ፣ በባስ ማይክ ማይኮቭስኪ አብረውት ናቸው፤ ምት ማሽኑ ተወግዷል፤ ሰው ለሰው መልሶ መነጋገር ጀምሯል። ጓደኞቹ ግን ሌሎች ናቸው፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኑም የሉም። በአልበሙ መጨረሻ ላይ «የፍቅር እንጉርጉሮ» በሚለው ቁራጭ ሁለቱም ይወጡና ኃይሉ በፒያኖ ብቻውን ይቀራል፤ በዝግታ፣ በየሐረጉ መካከል ሌላ መሣሪያ ሊገባበት የሚችል ቦታ እየተወ ይጫወታል።