«ዓላማው ተሳክቷል» ስለሚለው ቃል

ሰው ሂስ ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ የሌላውን ሥራ አንሥቶ ነው። እኔ ግን ዛሬ በአንባቢ ፊት አቅርቤ የምተቸው፣ ራሴ የጻፍሁትንና ራሴ የፈረምሁበትን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ይባላል። ድርሰት አይደለም፤ ማንም ገዝቶ አያነበውም፤ ሆኖም በአገራችን እንደ እርሱ በብዛት የሚጻፍ፣ እንደ እርሱም ጥቂት ሰው የሚያነበው ጽሑፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እናንተ ወጣት አንባቢዎቼ፣ በትምህርት ቤት በቆያችሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ስለ እናንተ በየቀኑ ሲጻፍ ኖሯል፤ አንዱንም ግን አላያችሁትም። ምን ሲባልላችሁ እንደ ኖረ ብታውቁት መልካም ይመስለኛል።

ያን ጊዜ በእንጅባራ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምር ነበር። ገጹ እንዲህ ይላል። ርእስ፦ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች። ዓላማ፦ ከዚህ ክፍለ ጊዜ በኋላ ተማሪዎች ሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ይዘረዝራሉ። መርጃ መሣሪያ፦ ካርታ። የመምህሩ ተግባር፦ ያብራራል። የተማሪዎች ተግባር፦ ያዳምጣሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ይጠይቃሉ። ግምገማ፦ ዓላማው ተሳክቷል።

የእጅ ጽሑፉ ያምራል። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ቃሉ ግን የእኔ አይደለም፤ ካለፈው ዓመት ደብተር የተገለበጠ ነው፤ ያም ከእኔ በፊት ከነበረው መምህር ደብተር የተገለበጠ ነበር። ካርታ የተባለው ካርታ ከተቀደደ ቆይቷል።

በዚያ ቀን ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብያታን፣ ሻላን፣ ሐዋሳን፣ አባያንና ጫሞን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ልጆቹ ሲገለብጡ፣ በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ለጎረቤቷ በአዊኛ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ከገጠር የመጣች፣ በቤቷ አማርኛ የማይነገር፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ ቀና ብላ የማትመልስ ልጅ ነበረች። ምን እንዳለች ጠየቅኋት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና «መምህር፣ ዘንገናስ?» አለችኝ።

ዘንገና ከእንጅባራ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በደን ተከብቦ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። የልጅቱ መንደር በዚያ በኩል ስለ ሆነ፣ ወደ ገበያ በወጣች ቁጥር በአጠገቡ ታልፋለች። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁና «እሱ የዛሬው ትምህርታችን አይደለም» ብዬ ወደ ሰሌዳው ተመለስሁ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

አሁን እንደ ሐያሲ ልናገር። የልጅቱ ጥያቄ ከዕቅዴ ይበልጥ ነበር። ዘንገና እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የሆነ ሐይቅ ነው። እኔ በሰሌዳ ላይ ባዶ ስሙን ከጻፍሁት ከሰባቱ መካከል ሻላም እንዲሁ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ላይ የተኛ ውሃ ነው። ልጅቱ በእግሯ ከምታውቀው ውሃ ተነሥቼ፣ ክፍሉን ሁሉ ወደማያውቀው ሻላ ልወስደው በቻልሁ ነበር። ከዚያም «ታዲያ ዘንገና ከስምጥ ሸለቆዎቹ ጋር የማይቈጠረው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ራሱ ይወለድ ነበር፤ እርሱን የመለሰ ልጅ ስምጥ ሸለቆ ምን እንደ ሆነ ገባው ማለት ነው። ዕቅዴ «ተማሪዎች ይጠይቃሉ» ይላል። ጠየቀች። ነገር ግን ቃሉን የጻፍሁት ዓምዱ ባዶ እንዳይሆን እንጂ፣ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብዬ አልነበረም።

ከዚሁ ደብተር ጥቂት ገጾች ወረድ ብሎ የጥር 23 ቀን ዕቅድ አለ። ጥር 23 በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ቀን ነው። ፈረሰኛው ፈረሱን በጌጥ አልብሶ ከየወረዳው ይመጣል፤ ልጅ የሆነ ሁሉ ሜዳው ላይ ይውላል። እኔም እዚያው ዋልሁ፤ ክፍሉ ባዶውን ዋለ። ነገር ግን ደብተር ሊፈተሽ ነው በተባለ ጊዜ፣ ማታ በፋኖስ ተቀምጬ የሳምንቱን የግምገማ ዓምድ በአንድ ጊዜ ሞላሁና በጥር 23 ፊትም «ዓላማው ተሳክቷል» ብዬ ጻፍሁ። የሚፈትሹት ሰው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው «ታይቷል» ብለው ፈረሙበት። እኔና እርሳቸው ያን ዕለት ሜዳው ላይ ተገናኝተን ሰላምታ ተለዋውጠን ነበር። ሁለታችንም አልሣቅንም፤ ምክንያቱም ሁለታችንም እንደ ውሸት አልቈጠርነውም።

ወረቀቱ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ትምህርትን በደረጃ ከፍሎ አስቀድሞ ማሰናዳት፣ ጀርመናዊው ፈላስፋ ኸርባርት (1776–1841 እ.ኤ.አ.) ከጻፈው ሐሳብ ተነሥቶ ተከታዮቹ ያስፋፉት ልማድ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር የትምህርትን ዓላማ ከማስታወስ እስከ መመዘን በደረጃ መደበው። የእኛ ዓላማዎች ሁሉ «ይዘረዝራሉ»፣ «ይገልጻሉ» በሚል ግሥ የሚያልቁት ከዚያ ወዲህ ነው። መዘርዘር ግን በብሉም መሰላል የታችኛው እርከን ነበር፤ እኛ እርከኗ ላይ ተቀምጠን ቤት ሠራንባት።

የትምህርት ሚኒስቴርም በ2012 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤት መምህራን ብሔራዊ የሙያ ደረጃ አውጥቷል። ሰባት ደረጃዎች አሉት፤ አውስትራሊያ ከአንድ ዓመት በፊት ካወጣችው ጋርም እጅግ ይመሳሰላል። «የተቀዳ ነው» እያሉ የሚያናንቁት አሉ። እኔ በዚህ አልነቅፈውም፤ የጠራ ውሃ ከየትም ቢቀዳ ይጠጣል። የማደንቀው ቅደም ተከተሉን ነው። በመጀመሪያ ከመምህሩ የሚፈልገው ተማሪዎቹን ማወቅ ነው፤ ቀጥሎ ትምህርቱን ማወቅ ነው፤ ማቀድ የሚመጣው በሦስተኛው ነው። እንግዲህ ልጆቹን የማያውቅ ሰው ያቀደው ዕቅድ፣ ሳይለካ እንደ ተሰፋ ልብስ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ግን ሁለቱ ተረስተው ሦስተኛው ብቻ ይፈተሻል፤ እርሱም በወረቀቱ ብቻ።

የቀድሞው የኔታ ዕቅድ አይጽፉም ነበር። ነገር ግን ከዛፍ ሥር ከተቀመጡት ልጆች የትኛው ፊደል ላይ፣ የትኛው አቡጊዳ ላይ፣ የትኛው ዳዊት ላይ እንደ ደረሰ ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ። ያልያዘው ልጅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። «ተሳክቷል» የሚባለው ልጁ ሲያነበው እንጂ የኔታ ሲጽፉት አልነበረም። አለንጋቸውን አላወድስም፤ ትርጓሜው ሳይነገረው በቃሉ ብቻ የሸመደደውንም ልጅ አልረሳሁም። ቢሆንም በዚህ በአንዱ ነገር እኔ ከእርሳቸው አንሼ ተገኝቻለሁ።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድን። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ «ፕላዝማ» በተባለው ቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ጀመር። ለዳንግላውም ለሞያሌውም ልጅ ፍጥነቱ አንድ ነበር። ሣጥኑ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ቆይቶ፣ የመለሰ ኖረም አልኖረም፣ ራሱ ይመልሳል። ልጆቹን ሳያይ ያስተምራል ብለን ሁላችንም ነቀፍነው፤ እኔም ነቅፌዋለሁ። ነገር ግን «ዘንገናስ?» በተባልሁ ጊዜ እኔ ከዚያ ሣጥን በምን ተለየሁ?

ይህ የአንድ ልጅና የአንድ መምህር ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ መካከል ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ወረርሽኙም ጦርነቱም በእነዚያ ልጆች የትምህርት ዘመን ላይ አልፈዋል፤ ሁሉን በመምህር ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ሆኖም እነዚያ ልጆች ወደ ፈተናው አዳራሽ የገቡት በየደብተሩ «ዓላማው ተሳክቷል» እየተባለላቸው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። አንዱ ገጽ እንኳ «ይህ ልጅ እዚህ ላይ ቀርቷል» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ዕዳው የታወቀ ዕዳ ይሆን ነበር።

ባልደረቦቼ ይህን ቢያነቡ ይቈጡኝ ይሆናል። «ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል አጭቀው፣ ደመወዛችን ወር ሳይደርስ እያለቀ፣ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ዕቅድ ጻፉ ትለናለህ?» ይሉኛል። ነገራቸው እውነት ነው፤ እኔም ብዬው አውቃለሁ። ግን የገለበጥሁት ዕቅድ ጊዜዬን አልቈጠበልኝም። ማስመሪያ ይዤ ዓምድ ሳሰምር ያመሸሁበት ሰዓት፣ የሦስተኛውን ረድፍ ልጆች ደብተር ለማየት ይበቃ ነበር። የሚመረመረው ወረቀቱ መሆኑን ስላወቅሁ ለወረቀቱ ደከምሁ።

ወደ ዳንግላ ከተዛወርሁ በኋላ ሌላ ዓይነት ዕቅድ አየሁ። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት የሒሳብ መምህርት ነበሩ። ደብተራቸው የተጨማደደ፣ ጠርዙ በጠመኔ የነጣ ነው። አንዱ ገጽ፣ እንደማስታውሰው፣ «መቶኛ። ትናንት ያልገባቸው» ይልና የአሥራ አንድ ልጆች ስም ይዘረዝራል፤ ቀጥሎ «ዛሬ በከሰል» ይላል። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ባለው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ አብሮ ይዘራበታል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል። ከሰሉም በማዳበሪያ ተሞልቶ በትልቁ መንገድ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። መምህርቷ አባቶቻቸው ከሰል የሚያከስሉትን ልጆች ያውቋቸዋል። ስለዚህ ጥያቄያቸው፣ አንድ ማዳበሪያ ከመንገድ ዳር የሚሸጥበትና ከተማ የሚሸጥበት ዋጋ ልዩነት ከመቶ ስንት እጅ ነው የሚል ነበር። ከገጹ ሥር በእርሳስ «አራቱ ዛሬም አልገባቸውም፤ ቸኮልሁ። ነገ ከሁሉ በፊት» ተብሎ ተጽፏል።

በዚህ ገጽ ላይ የሰፈረው የተቈጣጣሪ አስተያየት «ንጽሕና ይጎድለዋል» የሚል ነው። ለእውነት ስል እኔም አንድ ነቀፌታ አለኝ። መምህርቷ ቢታመሙ፣ የሚተካቸው ሰው ያን ደብተር ለማንበብ ይቸገራል፤ ዕቅድ ደግሞ በከፊል የሚጻፈው ለሚተካን ሰው ነው። ይህን ስነግራቸው «የሚተካኝ ሰው ልጆቹን ይጠይቃቸው» አሉኝ። በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

በዚያው ወር ከካርታ ንባብ ክፍለ ጊዜ በኋላ በግምገማው ዓምድ «አልተሳካም፤ ከ58 ልጆች 19ኙ አቅጣጫ መለየት አልቻሉም» ብዬ ጻፍሁ። ምክትል ርእሰ መምህሩ አስጠርተው «ምን ነካህ ልጄ? ከወረዳ ቢመጡ ምን እንላለን? አጥፋና እንደ ሰው ጻፈው» አሉኝ። በቍጣ አልነበረም፤ አዝነውልኝ ነው። እጅ ነሥቼ ወጣሁ፤ ግን አላጠፋሁትም። ገጹ ዛሬም በእጄ አለ፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ዘጠኙን ልጆች ወደ ግቢው አወጣሁና ጥላቸው ወደየት እንደሚወድቅ እንዲያዩ አደረግሁ፤ ምዕራብን በጥላቸው፣ ምሥራቅን በጀርባቸው አገኙት። አሥራ ሁለቱ ገባቸው። ሰባቱን ለሐሙስ ጻፍኋቸው።